«ሐበሻ ንግድ አያውቅም» ስንል፦ ከዴንቨር የታክሲ ሜዳ የተቀዳ ታሪክ

ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያን የታክሲ መጠበቂያ ሜዳ ያውቀዋል። ራሱ ባይነዳ እንኳ ወንድሙ፣ አማቹ ወይም የክርስትና አባቱ እዚያ ተሰልፈው ያውቃሉ። ከተርሚናሉ ራቅ ብሎ የተከለለ አስፋልት ነው። ሹፌሮች በመጡበት ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ሲጠሩ ወደ ተርሚናሉ ነድተው መንገደኛ ይጭናሉ። ወረፋው ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሦስትም አራትም ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ይከራከራሉ። ስለ ባድመ ጦርነት፣ ስለ ምርጫ 97፣ ስለ ዓባይ ግድብ በዚያ ሜዳ ያልተባለ ነገር የለም። ስድስት ኪሎ ግቢም ቢሆን በአንድ ቀን ያን ያህል ክርክር ያስተናግድ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ክርክሩ ከፖለቲካ ወደ ኑሮ ሲዞር ሁሌም የሚዘጋበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ተወው እባክህ፣ ሐበሻ ንግድ አያውቅም»። ሕንዱ መጥቶ ሞቴል ገዛ፣ ኮሪያዊው ላውንደሪ ከፈተ፣ እኛ ግን ዲግሪያችንን ኪሳችን ውስጥ ከትተን የሰው መኪና መሪ ጨብጠን አረጀን፤ ነገሩ ይህን ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጸሐፊም ይህንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ሲናገሩት ደስ ይላል፤ ራስን ከጥፋቱ ነጻ ያወጣል። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የዘሬ ነው ማለት ነውና።

ዛሬ ግን አልቀበለውም። የማልቀበለውም ብሔራዊ ስሜቴ ተነክቶ አይደለም። ያንን ሜዳ የከበበው ታሪክ፣ ማለትም የአየር ማረፊያው ታሪክና የታክሲዎቹ ታሪክ፣ የንግድ ብልኃት የሚባለው ነገር እንደ ቁመትና እንደ መልክ አብሮ የሚወለድ ሳይሆን ውሳኔ በውሳኔ የሚታይ መሆኑን ስለሚያሳየኝ ነው። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ከተማ፣ ጠዋት ብልህ ማታ ሞኝ ሊሆን ይችላል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ዴንቨር ከመሄዴ በፊት ይህ አባባል ከየት መጣ የሚለውን ጥቂት ልበል። አገራችን ገበያ የሌለባት አገር ሆና አታውቅም። አክሱም የራሷን ገንዘብ ቀርጻለች፤ የአሞሌ ጨው ከአፋር ተነሥቶ መላውን ደጋ ያዳርስ ነበር፤ የጎጃሙ ባሶ ገበያ ከግቤ ማዶ የሚመጣውን ዕቃ ከሰሜኑ ጋር ያገናኝ ነበር። ችግሩ ሥራው ያለመኖሩ ሳይሆን ሥራው ክብር ማጣቱ ነው። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተባለ፤ ክብር የመሬትና የጦር ሆነ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ራሱ የድሬዳዋን ጉምሩክ የመራ ሰው፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ድህነታችንን ያየው የተፈጥሮ ዕጣችን አድርጎ ሳይሆን የዕውቀትና የአስተዳደር ጉድለት ውጤት አድርጎ ነበር። መጽሐፉ በ1924 ሲታተም ደራሲው ከሞተ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚያ ደግሞ ደርግ መጣ። በ1975 መጀመሪያ ከ70 በላይ ኩባንያዎች ተወረሱ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ አዋጅ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ካፒታል በችርቻሮ ከ200 ሺህ፣ በጅምላ ከ300 ሺህ፣ በኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ደነገገ። እስቲ ይታያችሁ፤ ከዚያ ጣሪያ በላይ ማደግ ወንጀል ነበር። ዴንቨር ላይ መጀመሪያ ታክሲ የጨበጠው ትውልድ ያደገው «ከበርቴ» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት አገር ነው። ብዙው በሱዳን በኩል በስደት መጥቶ፣ አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የገባ ነው። ይህ ሰው «ንግድ አያውቅም» ከተባለ አለማወቁ የዘር ሳይሆን የአዋጅ ነው።

እንግዲህ ወደ አየር ማረፊያው ልመለስ። ንግድ ያውቃሉ የምንላቸው ፈረንጆች እዚያ ሜዳ ላይ ምን እንደሠሩ ማየት ያስፈልጋልና።

ዴንቨር አሮጌውን የስቴፕልተን አየር ማረፊያ በአዲስ ለመተካት ስትነሣ ከንቲባው ፌዴሪኮ ፔኛ ነበሩ። የከተማው ሕዝብ በ1989 በድምፁ አጸደቀው፤ ሥራውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። አዲሱ አየር ማረፊያ በጥቅምት 1993 መጨረሻ እንዲከፈት ታቅዶ ነበር። ግንባታው ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን ከተማው አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰነ፤ የሁሉንም አየር መንገዶች ሻንጣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ፣ በሐዲድ ላይ የሚበሩ አራት ሺህ ያህል ትንንሽ ጋሪዎች እንዲያመላልሱት። በዓለም ላይ በዚያ ስፋት ተሠርቶ የማያውቅ ነገር ነበር። አማካሪዎች ነገሩ ከመጠን በላይ የተወሳሰበ ነው ብለው አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። የሙኒክ አየር ማረፊያ ሰዎች ከዚያ በጣም ቀለል ያለውን የራሳቸውን ሥርዓት ለመሥራት ሁለት ዓመት እንደፈጀባቸው፣ ከዚያም ሌት ተቀን ለስድስት ወር እንደፈተሹት ነግረዋቸዋል። ጨረታ ሲወጣ መልስ የሰጡት ኩባንያዎች ሦስት ብቻ ሲሆኑ ማንኛቸውም በተባለው ቀን እናደርሳለን አላሉም። ይህ ሁሉ እያለ ከተማው ወደ 195 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ፈረመ።

የሆነው ይታወቃል። በ1994 የጸደይ ወራት ለጋዜጠኞች በተደረገው ማሳያ ላይ ሻንጣዎች ከጋሪ እየተወረወሩ ተቀደዱ፤ ውስጥ ልብሳቸው በየሐዲዱ ተበተነ። መክፈቻው አራት ጊዜ ተራዘመ። ለአየር ማረፊያው መሥሪያ የተበደሩት ገንዘብ ወለድና ሌላው ወጪ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይበላ ጀመር። በመጨረሻ ከንቲባ ዌሊንግተን ዌብ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ሌላ ሥርዓት በጎን እንዲሠራ አዘዙ፤ ይኸውም በየትም አገር ያለው፣ በትራክተር የሚጎተተው የተለመደው የሻንጣ ጋሪ ነው! አየር ማረፊያው የተከፈተው የካቲት 28 ቀን 1995 ከ16 ወር መዘግየት በኋላ ነው፤ አጠቃላይ ወጪውም ወደ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። አውቶማቲኩ ሥርዓት ለዩናይትድ አየር መንገድ ብቻ እየተንፏቀቀ ሲሠራ ቆይቶ በ2005 ጭራሽ ተጣለ፤ ለጥገና የሚወጣው በወር አንድ ሚሊዮን ዶላር ይዳን ተብሎ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸ ነው።

ነገር ግን ፍርድ እንዳላጓድል። ያው ከተማ፣ በዚያው ፕሮጀክት ላይ፣ ሌላ ውሳኔም ወስኗል። ወደ 53 ስኩዌር ማይል መሬት ያዘ። በዚያን ጊዜ «ለማን ነው ይኼ ሁሉ ሜዳ?» ተብሎ ተዘብቶበታል። ሲከፈት አምስት ማኮብኮቢያ ነበረው፤ ስድስተኛው በ2003 ሲጨመር አንድም ሰፈር ማፍረስ አላስፈለገም። በ2024 አየር ማረፊያው ከ82 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዷል። መሬቱን የገዙት ሰዎችና የሻንጣውን ውል የፈረሙት ሰዎች ከአንድ ማዘጋጃ ቤት የወጡ ናቸው። ዴንቨሮች ንግድ ያውቃሉ? አያውቁም? ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም። መሬቱን ሲገዙ የሚገዙት ነገር ምን እንደሆነ፣ ይኸውም ለወደፊት የሚሆን ቦታ መሆኑን፣ ያውቁ ነበር። ሻንጣ አመላላሹን ሲገዙ ግን ማሽን የገዙ መሰላቸው እንጂ የገዙት ገና ያልተሠራ ነገር ተስፋ ነበር።

የሚገዙትን ነገር ማወቅ ካልኩ አይቀር ከአቪየሽኑ ሳልወጣ የእኛን አንድ ውሳኔ ልጥቀስ። በ1945 የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ውል ሲፈራረም ጦርነቱ የተረፋቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች በገበያው ሞልተው ነበር። አውሮፕላን ብቻ ቢገዛ ኖሮ አገሪቱ ጥቂት ዓመት የሚበሩ ጥቂት ብረቶች ይኖሯት ነበር። ውሉ የያዘው ግን የውጭዎቹ ሰዎች እየሠሩ ኢትዮጵያውያኑን እንዲያሠለጥኑና ቦታውን እንዲለቁ የሚያደርግ መንገድ ነበር። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ይህንን ውል የተፈራረመችው አገር ንግድ አታውቅም የምንላት ያቺው አገር ናት።

አሁን ወደ ታክሲዎቹ ልግባ፤ የጽሑፌ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዴንቨር ውስጥ የነበሩት የታክሲ ኩባንያዎች ሦስት ናቸው፤ የሎው ካብ፣ ሜትሮ ታክሲና ዞን ካብ። የኮሎራዶ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ከ1947 ጀምሮ አንድም አዲስ ኩባንያ አላስገባም ነበር። ዐርባ አምስት ዓመት መሆኑ ነው! ሕጉ የሚለው፣ አዲስ አመልካች ያሉት ኩባንያዎች የሚሰጡት አገልግሎት በእጅጉ የጎደለ መሆኑን ራሱ ማስረዳት አለበት ነው። ኩባንያዎቹ ደግሞ ጠበቃ ቀጥረው ይቃወማሉ። ውጤቱ የታወቀ ነው።

በዚህ ግድግዳ ፊት ነው በ1992 አራት ሹፌሮች የቆሙት፤ ሊሮይ ጆንስ፣ አኒ ኢቦንግ፣ ሮውላንድ ንዋንክዎ እና ኢትዮጵያዊው ግርማ ሞላልኝ። አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሁለቱ ናይጄሪያውያን፣ አንዱ የእኛው ሰው። «ክዊክ ፒክ ካብስ» የሚል ኩባንያ እናቋቁም ብለው አመለከቱ። ኮሚሽኑ እንደ ልማዱ ከለከለ። እነርሱም ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ በተባለ የጠበቆች ድርጅት አጋዥነት በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1993 ዳኛው ክሱን ዘጋው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን «አላልኩህም!» ብለን ወደ መሪያችን እንመለስ ነበር። እነርሱ ግን ጉዳዩን ወደ ሕዝብና ወደ ምክር ቤት ወሰዱት፤ በ1994 የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ሕጉን አላሉት፤ ይግባኙም በሕጉ መለወጥ ምክንያት ፋይዳ አጣና ተዘጋ። ኩባንያው ስሙን ቀይሮ «ፍሪደም ካብስ» ተባለና በ1995 ሥራ ጀመረ፤ አዲሱ አየር ማረፊያ በተከፈተበት በዚያው ዓመት።

ይህ አጋጣሚ ትንሽ ነገር አይደለም። ስቴፕልተን ከተማው ውስጥ ነበር። አዲሱ አየር ማረፊያ ግን ከመሐል ከተማ 25 ማይል ያህል ርቆ ሜዳ ላይ ተተከለ። ስለዚህ አንድ የአየር ማረፊያ ጉዞ ከተማ ውስጥ ከሚገኙ ብዙ አጫጭር ጉዞዎች የሚበልጥ ሆነ። የከተማው ታክሲ ገቢ ወደዚያ ሜዳ ዞረ። ሹፌር ሁሉ የሚመኘው መንገደኛ በአየር መንገድ የሚመጣ ሆነ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ እነ ግርማ የተዋጉት ለመኪና አይደለም። መኪና ማንም ይገዛል። ብዙዎቻችን ያልገባን ነገር ይህ ነበር። በታክሲ ሥራ ውስጥ ዋጋ ያለው ዕቃ መኪናው አልነበረም፤ ፈቃዱ ነበር። ፈቃዱ ያለው ኩባንያ ከሹፌሩ በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይቀበላል፤ ሹፌሩ ሥራ ኖረም አልኖረም ይከፍላል። ነዳጁም የሹፌሩ ነው፤ አደጋውም የሹፌሩ ነው። ገባርና ባለ ጉልት ማለት ነው፤ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ለአንባቢዎቼ ማብራራት አያስፈልገኝም። በዚያ ሜዳ ላይ ስለ «መሬት ላራሹ» ስንከራከር እኛው ራሳችን በየሳምንቱ ግብር እንከፍል ነበር። ማስተርስ ያለው፣ የማርክስን «ካፒታል» ያነበበ ሹፌር ጥቂት አልነበረም፤ የኮሚሽኑን የፈቃድ ሕግ ያነበበ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ይህ ጸሐፊም ከማያነቡት ነበር።

ሕጉ በ1994 ቢላላም በሩ ወለል ብሎ አልተከፈተም። በ2008 ምክር ቤቱ ሌላ ሕግ አወጣ፤ በትልልቆቹ ካውንቲዎች አዲስ አመልካች የሚቃወም ወገን ነው ጉዳቱን የሚያስረዳው ተባለ። የማስረዳት ሸክሙ ከአመልካቹ ትከሻ ወደ ተቃዋሚው ዞረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ በገንዘብ ስትተመን ግን ብዙ ናት። ወዲያው ሁለት የሹፌሮች ቡድኖች አመለከቱ። አንደኛው ዩኒየን ታክሲ ነው፤ የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ 7777 የረዳው፣ ብዙዎቹ አባላቱ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ሹፌሮቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ኅብረት ሥራ ማኅበር። በ2009 ለ220 መኪና ተፈቀደለትና መንገድ ላይ ወጣ። አባሉ ለራሱ ማኅበር የሚከፍለው ለኩባንያ ይከፍል ከነበረው በእጅጉ ያነሰ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከመተባበሩ ይልቅ ያስደነቀኝ ዕቃውን ማወቃቸው ነው። ፈቃዱን ገዙ።

መተባበር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ዴንቨር ራሷ ምስክር ናት። የሎው ካብ በአንድ ወቅት የሹፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን ከስሮ ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ማኅበር ማቋቋምና ማኅበር ማስተዳደር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችንን ስብሰባ የተካፈለ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ሁለተኛው አመልካች ማይል ሃይ ካብ ይባላል። እነዚህም ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። ኮሚሽኑ ከለከላቸው። ተከራከሩ፤ ተሸነፉ፤ ይግባኝ አሉ። በመጨረሻ በ2013 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ሸክሙን በተሳሳተ ወገን ላይ ጥሏል ብሎ ፈረደላቸው። አምስት ዓመት! ይህ ድል ነው፤ በድል አድራጊዎቹ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። በ2012 ኡበር ዴንቨር ገብቶ ነበር። በሰኔ 2014 ደግሞ ኮሎራዶ ኡበርንና ሊፍትን በሕግ አውጪ ምክር ቤት ውሳኔ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። ማንም ሰው የራሱን መኪና አውጥቶ፣ ዐርባ አምስት ዓመት የተዘጋውንና ከዚያም ሌላ ሃያ ዓመት በክርክር የተከፈተውን በር ሳያንኳኳ አልፎ መንገደኛ ይጭን ጀመር። ማይል ሃይዎች የታገሉለት ፈቃድ እጃቸው ሲገባ ዋጋው እየቀለጠ ነበር።

ይኸው! ይላል የሜዳው ተከራካሪ፤ አላልኩህም? ሐበሻና አፍሪካዊው በሩ ሲዘጋ ደረሰ።

ቆይ እንጂ። በ2008 ይህ እንደሚመጣ ማን አወቀ? የሎው ካብን ያስተዳድር የነበረው ትልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያ አላወቀም። የኒው ዮርክ ባንኮች አላወቁም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሜዳሊያን የሚባለው የታክሲ ፈቃድ በ2014 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ200 ሺህ በታች ወረደ። ሜዳሊያኑን በብድር የገዙት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ፤ በዕዳው የተነሣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ዕቃው ያው ነው፤ ፈቃድ። ልዩነቱ ስንት ተከፈለበት የሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የዴንቨሮቹ ልጆች ታሪክ እንደገና የሚያስደስተኝ። በ2015 የኮሎራዶ ሕግ ለታክሲዎች እንደገና ላላ። በ2016 ግሪን ታክሲ የተባለ አዲስ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተፈቀደለት፤ ወደ 800 የሚጠጉ አባላት ያሉት፣ አሁንም ያው ቅርንጫፍ 7777 የረዳው፣ አሁንም ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ያለበት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከመሐል ከተማ እስከ አየር ማረፊያው የሚሄደው ባቡር ሥራ ጀምሯል። ኡበር ከላይ፣ ባቡር ከታች። በዚህ ሰዓት ታክሲ ማቋቋም እብደት አይደለም? እኔም ያኔ እብደት ነው ብዬ ነበር፤ ጓደኞቼም ያስታውሱታል።

ነገሩን ቆይቼ ሳሰላው ግን አንድ ቁጥር አገኘሁ። አባል ለመሆን የተከፈለው 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ለዚህ አባሉ ምን አገኘ? በአየር ማረፊያው ቁጥራቸው የተወሰነ የታክሲ ቦታዎች ነበሩና በዚያ ወረፋ ውስጥ ተራ፤ የራሱ ማኅበር የሆነ አፕሊኬሽን፤ በሳምንት ከሚከፈለው ገንዘብ ትልቅ ቅናሽ፤ በስብሰባ አንድ ድምፅ። ማኅበሩ ነገ ቢፈርስ የሚያጣው የጥቂት ሳምንት የድሮ የኩባንያ ክፍያ ነው። ኒው ዮርክ ያለው ወንድሙ በዚያው ዕቃ ላይ ቤቱን አስይዟል። አዲስ መኪና በብድር ገዝቶ ኡበር የጀመረውስ? እሱ መኪናውን ገዛ፤ መንገደኛውን የሚያድለው አፕሊኬሽን ግን የሌላ ሰው ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው፣ ከሥራ የሚያሰናብተው ያ ሌላ ሰው ነው። በ1992 ፈቃዱ ይዞት የነበረውን ቦታ አፕሊኬሽኑ ያዘው፤ ገባሩ ግን ያው ገባር ነው። ግሪኖቹ ትርፋቸው ብዙ ነው አልልም። ሊያጡ የሚችሉትን መጥነው ገቡ ነው የምለው፤ መጥኖ መደቆስ የምንለው ይህንን ነው።

የተማሩ አማካሪዎች፣ ጠበቆችና መሐንዲሶች የሞሉበት ማዘጋጃ ቤትስ? ከሻንጣው ትምህርት የወሰደ መስሎኝ ነበር። በ2017 የተርሚናሉን ትልቅ አዳራሽ የማደስ ሥራ በአንድ የስፔን ኩባንያ ለሚመራ ሽርክና ተሰጠ፤ ውሉ የ34 ዓመት፣ ዋጋው 1.8 ቢሊዮን ዶላር። በነሐሴ 2019 ከተማው ውሉን ማቋረጡን አስታወቀ፤ ለመለያየት ብቻ ወደ 184 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በዚህ የተነሣ «ፈረንጅ ንግድ አያውቅም» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ፈረንጅ ሲሳሳት የውል ስሕተት ይባላል፤ አጣሪ ይሾማል፤ ሪፖርት ይጻፋል፤ የዴንቨር ሻንጣ ታሪክ እስከ ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። እኛ ስንሳሳት ግን ዘራችንን እንወቅስና ፋይሉን እንዘጋለን። ሬስቶራንቱ የተዘጋው ሐበሻ ስለሆንን ነው እንላለን እንጂ የኪራይ ውሉ በስንተኛው ዓመት በስንት እንደሚጨምር ሳናነብ ስለፈረምን ነው አንልም። ሸሪኮቹ የተጣሉት ስለማንተማመን ነው እንላለን እንጂ የሚወጣ ሰው ድርሻው እንዴት እንደሚተመን በወረቀት ስላላሰፈርን ነው አንልም።

እነ ግርማ ሞላልኝ ከኮሚሽኑ ጋር ያደረጉት ትግል በአማርኛ በወጉ ተጽፎ አላየሁም። የሰበር ሰሚ ችሎትን ውሳኔ የሚተነትን ስንት ምሁር ባለን ማኅበረሰብ ውስጥ የራሳችን ሰው በኮሎራዶ ሕግ ላይ ያስለወጠው ነገር የሚገኘው በእንግሊዝኛ የጠበቆች ሰነድ ውስጥ ነው።

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በዴንቨር ኢንተርናሽናል ያለፈው መንገደኛ ከ69 ሚሊዮን ወደ 34 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በዚያ ወራት አንድ ወዳጄን አገኘሁት፤ ከስቴፕልተን ዘመን ጀምሮ የነዳ ሰው ነው። ከመኪናው ወጥቶ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ባዶውን አስፋልት እያየ ያችኑ የለመድናትን ዓረፍተ ነገር ደገማት፤ ሐበሻ ንግድ አያውቅም።

«ማኅበሩ ውስጥ ስትገባ ስንት ከፈልክ?» አልኩት።

«ሁለት ሺህ።»

«ዕዳ አለብህ?»

«የምን ዕዳ?» አለና ወደ ተርሚናሉ ዞረ፤ ከፊቱ ሦስት መኪና ብቻ ቀርቶት ነበር።